ሰሜኑ ለምን ቀሪ ይበዛበታል?

(እሁድ ከሰዓት በኋላ ስቶክሆልም ውስጥ ለተሰበሰቡ ያገር ልጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው ደርሷል፣ እየጠጣችሁ ስሙኝ። ስኒ ቢንኳኳ ምንም አይደል።

የማወራው ታሞ ከሥራ ስለመቅረት፣ በተለይም ስለ ስዊድን ሰሜን ነው። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ሄምሸንስት (አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ) ወይም አዛውንቶች መኖሪያ እንሠራለን። አውቶቡስ የሚነዳ አለ። ሕፃናት መዋያ የሚሠራ አለ። ጽዳት ላይ ያለ አለ። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ካጋጠመኝ ነገር ልጀምር። እኔ ራሴ ዘጠኝ ዓመት ሄምሸንስት ሠርቻለሁ። በሰሜን ያለው የዬምትላንድ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ ኦስተርሹንድ፣ ያደገች አንዲት ሴት አብራን ትሠራ ነበር። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ዝምተኛ፣ ሥራ የማትመርጥ ሴት። አንድ የጥር ጠዋት ቀረች። ደውላ «ወገቤ አላስነሳ አለኝ» ብላለች። ይሄኔ አንዱ ባልደረባችን «የዬምትላንድ ሰው አይደለች? እዚያ እኮ ግማሹ ሕዝብ የሕመም ፈቃድ ላይ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ጫማዋን ለማሰር ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን በሁለት እጇ ስታነሳ አየኋት። ያን ቀን አብሬ መሳቄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ የኅብረተሰብ ጤና ስማር መጀመሪያ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። እውነት የሰሜን ሰዎች ብዙ ይቀራሉ? መልሱ አዎ ነው። ዬምትላንድ በሕመም ፈቃድ ቀናት ብዛት ለረጅም ዓመታት ከላይኞቹ ክፍለ ሀገሮች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ጎረቤቱ ቬስተርኖርላንድም እንደዚያው። ስቶክሆልም ደግሞ ዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ ነው። በደቡብ ያለው ዮንሾፒንግም በዝቅተኛነቱ ሲጠቀስ ቆይቷል። አገሩ አንድ ነው። ሕጉ አንድ ነው። መድኑም አንድ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?

መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰበሰብ ልንገራችሁ። ይህን ሳያውቁ ካርታውን ማየት ያሳስታል።

ቁጥሩን የሚያወጣው ፎርሼክሪንግስካሳን፣ የመንግሥት ማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ ረጅም ነው፣ ካሳ እያልኩ ልጥራው። በስዊድንኛ «ካሳ» የገንዘብ ሣጥን ማለት ነው። ታሪኩ ከእድራችን ጋር በጣም ይመሳሰላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ አገር ሠራተኞች ሳንቲም እያዋጡ ሣጥን ያቋቁሙ ነበር። አንዱ ሲታመም ከሣጥኑ ይረዳል። መንግሥት በ1891 ለእነዚህ ሣጥኖች ሕግ አወጣላቸው። ሁሉንም ሰው በግዴታ ያቀፈ የሕመም መድን የመጣው ግን በ1955 ነው። (ዛሬ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

አሁን ባለው ሥርዓት ስትታመሙ የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት የሚከፍላችሁ አሠሪያችሁ ነው። ካሳ የሚገባው ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ካሳ በየክፍለ ሀገሩ የሚያወጣው ቁጥር ረዘም ያለውን ሕመም ነው የሚያሳየው። ጉንፋን፣ ትኩሳት፣ ሁለት ቀን የቆየ የሆድ ሕመም እዚያ ውስጥ የሉም። ያ ባልደረባችን «የሰሜን ሰው ትንሽ ሲያስነጥሰው ይቀራል» ሊል ከፈለገ የያዘው ቁጥር አያግዘውም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ወገብ፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ካንሰር ነው።

ሌላም አለ። ጨርሶ መሥራት የማይችል ሰው ከዚህ መዝገብ ይወጣል። ወደ ሌላ ዓይነት ክፍያ ይዛወራል፣ ድሮ ያለጊዜው ጡረታ ይባል የነበረው ማለት ነው። እሱ በሌላ ቁጥር ነው የሚታየው። ሰውም የሚቆጠረው በሚሠራበት ሳይሆን በሚኖርበት ቦታ ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው።

ሁለት እድር አስቡ። አንዱ እድር አባላቱ ሠላሳና አርባ ዓመት ውስጥ ያሉ ናቸው። ሌላው ውስጥ አብዛኛው አባል ስልሳን ተሻግሯል። ድንኳን ቶሎ ቶሎ የሚተከለው የትኛው እድር ዘንድ ነው? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛውን ሰፈር ግን «እርግማን አለበት» አንልም። ዕድሜ ነው እንላለን። ዬምትላንድም እንዲሁ ነው። ልጆቹ ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ለትምህርት ወደ ኡመዮ፣ ወደ ኡፕሳላ፣ ወደዚህ ወደ ስቶክሆልም ይሄዳሉ። ብዙዎቹ አይመለሱም። እዚያ የሚቀረው ሠራተኛ በዕድሜ ገፋ ያለ ነው። ገፋ ያለ ሰው ወገቡም ልቡም ቶሎ ይደክማል። ባለሙያዎች ክልሎችን ከማወዳደራቸው በፊት የዕድሜን ልዩነት በስሌት ያስተካክላሉ። ሲስተካከል ልዩነቱ ይጠባል። ግን አይጠፋም።

ቀጥሎ ሥራው ምንድነው የሚለው አለ። እኔ ብዙ መቆየት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በመላው ስዊድን ሴቶች በረጅም የሕመም ፈቃድ የሚያሳልፉት ቀን የወንዶቹን ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ዋናውን ምክንያት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኮሙን (የከተማ ወይም የወረዳ አስተዳደር) እና የክልል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ከአራት ሦስቱ በላይ ሴት ነው። እነሱም የሚሠሩት አዛውንት መንከባከብ፣ ሕመምተኛ ማገላበጥ፣ ልጅ ማስተማር ነው። እነዚህ ሥራዎች ጉልበትም ስሜትም ይበላሉ። ከዚያ ላይ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ይደረባል። ዛሬ በካሳ መዝገብ ላይ ካሉት ረጅም ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ጤና ነክ ናቸው። ጭንቀት፣ ድባቴ፣ መዛል።

አሁን ዬምትላንድን ተመልከቱ። ስፋቱ ከኔዘርላንድስ ይበልጣል። የሚኖርበት ሕዝብ ግን 130 ሺህ ቢሆን ነው። ባንክ፣ የኮምፒውተር ድርጅት፣ አማካሪ ድርጅት እንደ ስቶክሆልም አልሞላበትም። ትልቁ ቀጣሪ ኮሙኑና ክልሉ ነው። ሌላው ደን ነው፣ ቱሪዝም ነው፣ ግንባታ ነው። ስለዚህ ከባዱ ሥራ ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ትልቅ ነው። እዚህ አንድ ሕንፃ ሙሉ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሲውል፣ እዚያ አንዷ ሄምሸንስት የምትሠራ እህት በበረዶ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድታ ቀጣዩን አዛውንት ታነሳለች።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝም እሱ ነው። ስቶክሆልም ያለ ሰው ወገቡን ሲያመው ሥራ መቀየር ይችላል። ከሄምሸንስት ወጥቶ ሱቅ ይገባል፣ ሾፌር ይሆናል፣ ቢሮ ይፈልጋል። እዚህ ካለነው መካከል ይህን ያደረገ ብዙ ነው። ሁለት መቶ ሰው ባለበት መንደር ግን ሌላ ሥራ የለም። ያለው ያው የኮሙኑ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰውየው አንዱን ይመርጣል። ወይ በማይችለው ሥራ ላይ ይቆያል፣ ወይ ይታመማል። የስዊድን ተመራማሪዎች በማይፈልጉት ሥራና ቦታ «የተቆለፈባቸው» ሰዎች ጤና እንደሚከፋ ጽፈዋል። ይህ ቃል ይገባኛል። እኔም ከሄምሸንስት ለመውጣት ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ውስጥ መኖሬ ነው የረዳኝ። ጉብዝናዬ አይደለም።

እሺ፣ ዕድሜውን አነሳን፣ ሥራውን አነሳን። ከዚያ በኋላም የሚተርፍ ልዩነት አለ። እዚህ ላይ ሰዎች «ባህል ነው» ማለት ይወዳሉ። ሰሜኑ የሚቀርበት ባህል፣ ደቡቡ ደግሞ የሚሠራበት ባህል አለው ይላሉ። በደቡብ ስሞላንድ ውስጥ ግኖሾ የምትባል ትንሽ ኮሙን አለች። ትናንሽ የፋብሪካ ሥራዎች የሞሉባት፣ ነፃ (ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ) ቤተ ክርስቲያናት የበዙባት፣ ሥራ ፈት የማይበዛባት ቦታ ናት። «የግኖሾ መንፈስ» የሚባል አባባል ሁሉ አለ። እዚያ አሠሪው ከሠራተኛው አጠገብ ቆሞ ማሽን ይነዳል። አንተ ብትቀር ሥራህን የሚሸፍነው ጎረቤትህ ነው። ይህ ሰውን ከቤት እንደሚያስወጣ አልክድም።

ግን ባህል ከማለታችን በፊት መሥሪያ ቤቱን እንይ። እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ ካሳ አንድ መሥሪያ ቤት አልነበረም። 21 የተለያዩ የክፍለ ሀገር ካሳዎች ነበሩ፣ ከላያቸው ደግሞ አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቦርድና የራሱ ልማድ ነበረው። ያው ወገብ አንዱ ጋ ስድስት ሳምንት ይፈቀድለታል፣ ሌላው ጋ ሦስት ወር። ሐኪሞቹም እንደዚያው ነበሩ። በጥር 2005 ሁሉም በአንድ መሥሪያ ቤት ተጠቃለሉ። በ2007 ደግሞ የጤና ባለሥልጣኑ ለየበሽታው ስንት ጊዜ ዕረፍት ተገቢ እንደሆነ የሚያመለክት መመሪያ አወጣ። ይህ የሆነው ለምንድነው? ልዩነቱ ከሠራተኛው ብቻ እንዳልመጣ መንግሥትም ስላወቀ ነው። ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተቀምጦ ከሚፈቅደውም ሰው ይመጣል።

አሁን በጣም የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። በ1988 የተደረገ ሙከራ ነው። ቦታው ራሱ ዬምትላንድ ነው፣ ከጎተቦርግ ከተማ ጋር።

ያኔም እንደዛሬው ሰው ከሰባት ቀን በላይ ሲታመም ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ የሐኪም ወረቀት ያመጣ ነበር። ወረቀቱ ሐኪሞችን እያጨናነቀ ነው የሚል ቅሬታ ነበረ። እና በዚያ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች እንዲህ ተደረገ። የተወለዱበት ቀን ሙሉ ቁጥር የሆነ ሰዎች፣ ማለትም በ2፣ በ4፣ በ6 የተወለዱ፣ ወረቀት የሚጠየቁት ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ሆነ። ጎዶሎ ቀን የተወለዱት በድሮው ሕግ ቀሩ። አስቡት። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ሰው። አንዱ በ12 ተወልዷል፣ አንዱ በ13። ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ማወዳደሪያ በማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ አይገኝም።

ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ መዝገቡን ከፍተው ሲያዩ ወረቀት ያልተጠየቁት ረዘም አድርገው ቀርተው ተገኙ። ድሮ ስምንተኛው ቀን ከመድረሱ በፊት ይመለስ ከነበረው ሰው የተወሰነው አሁን ወደ 15ኛው ቀን ተጠጋ። ሌላ ጥናት ደግሞ ሕጉ ያልተቀየረላቸውን ሰዎች ተመለከተ። የተቀየረላቸው ባልደረቦች የበዙበት ቦታ የሚሠሩት እነሱም ትንሽ በዛ አድርገው ቀሩ። ጎንህ ያለው ሰው ዕረፍት ሲያገኝ አንተም «እኔስ?» ትላለህ።

ይህን ጥናት ይዘው «አያችሁ፣ ሰው ዋሾ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጥናቱ የሚያሳየው ሰዎች ረዘም አድርገው እንደቀሩ ነው። ሳይታመሙ እንደቀሩ አያሳይም። በስምንተኛው ቀን ወደ ሥራ ይመለስ የነበረው ሰው ድኖ ነው የሚመለሰው? ወይስ ወረቀት ፍለጋ ቮርድሴንትራል (ጤና ጣቢያ) መደወል፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ማስረዳት ሰልችቶት? እኔ ስንት ጊዜ ሳይሻለኝ ሰባተኛው ቀን ላይ ሥራ እንደገባሁ አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ሕጉ ቀኑን ሲያስረዝም ጥቂቱ ዕረፍቱን አስረዘመ ይሆናል፣ ጥቂቱ ደግሞ ድኖ ተመለሰ። ከቁጥሩ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ከሙከራው እኔ የወሰድኩት ይህን ነው፦ የወረቀቱ ቀን የሰውን ቀን ይወስናል። «የሰሜን ባህል» የሚባለውን ለመክሰስ ግን ይህ ሙከራ ምስክር አይሆንም።

ስለ ዘጠናዎቹም ትንሽ ልበል፣ አለዚያ ሥዕሉ ይጎድላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ገጠማት። ኮሙኖችና ክልሎች ሠራተኛ ቀነሱ። የተቀነሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ የቀሩትም የተቀነሱትን ሥራ ደርበው ያዙ። በችግሩ ጊዜ ቀሪ አልበዛም። ሥራውን እንዳያጣ የሚፈራ ሰው ታሞም ይገባል። ከ1997 ገደማ በኋላ ግን የሕመም ፈቃድ ቁጥር ወደ ላይ ተተኮሰ። እስከ 2002ና 2003 ድረስ ወጣ። ጋዜጣው ሁሉ ስለ ማጭበርበር ያወራ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሞች ለሁኔታው ስም አወጡለት፣ ከረጅም ጭንቀት የሚመጣ የመዛል ሕመም። ከ2005 ጀምሮ ስዊድን ውስጥ የራሱ የምርመራ ኮድ አለው። እንደኔ እምነት ያ ጭማሪ የተዘራው በቅነሳው ዓመታት ነው። የታጨደው ኋላ ነው። የመንግሥት ሥራ ትልቁ እንጀራ በሆነበት ቦታ ደግሞ አዝመራው በዛ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በብዙ ወርዷል። በ2008 የመጣው ሕግ በ90ኛው፣ በ180ኛውና በ365ኛው ቀን የሰውን የመሥራት አቅም እየመረመረ መብቱን ያጠብባል። ድነው የተመለሱ አሉ። ሳይድኑ ክፍያው የተቋረጠባቸውም አሉ። ቁጥሩ ለሁለቱም ያው ነው፣ «ቀነሰ» ይላል።

እስካሁን ያወራሁት ከፍ ስላለው ቁጥር ነው። እናንተን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ዝቅ ያለው ነው። የስቶክሆልሙ።

ስቶክሆልም ዝቅ ያለው ለምንድነው? ወጣት ሠራተኛ አለው። የቢሮ ሥራ አለው። ትንሽ ሲያመው ከቤቱ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚሠራ ሰው አለው። ይህ ደህና ነው። ግን ስቶክሆልም ውስጥ ስደተኛ የሚበዛባቸው ሰፈሮች፣ ሪንከቢም አለ፣ ቴንስታም አለ፣ ሁስቢም አለ። እኛ አለን። ከኛ ውስጥ ስንቱ ነው በሰዓት የሚሠራው? ስንቱ ነው ማታ በቴክስት «ነገ ትገቢያለሽ?» ተብሎ የሚጠራ? እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሲታመም ብዙ ጊዜ የትም አይመዘገብም። ቀድሞ የተያዘለት ፈረቃ ከሌለ የሚከፈለው የሕመም ክፍያ የለም። ዝም ብሎ «ነገ አይመቸኝም» ይላል። ሁለቴ አይመቸኝም ካለ ሦስተኛ እንዳይጠሩት ይፈራል። ስለዚህ እያመመው ይሄዳል።

ጉናር አሮንሶን የሚባል የስዊድን ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2000 ይህንን ጉዳይ አጥንተዋል። ታመው ሥራ ስለሚገቡ ሰዎች። ከጠየቋቸው ሠራተኞች ሲሶው «ባለፈው ዓመት መቅረት እየነበረብኝ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ሥራ ገብቻለሁ» አሉ። ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው የት ይመስላችኋል? እንክብካቤና ትምህርት ቤት። ሰው ከሰው ጋር የሚሠራበት ቦታ። እኔ ካልሄድኩ እኚያን አሮጊት ማን ያበላቸዋል የሚለው ሐሳብ ነው እግራችንን የሚያንቀሳቅሰው። ጨዋነት ነው። ግን ወደ አሮጊቷ ቤት ይዘን የምንገባው ጀርሙንም ጭምር ነው።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በ2020 አይተናል። ብዙ አልናገርም፣ ከመካከላችን ሰው ያጣ አለ። አንድ ነገር ብቻ። ሲታመሙ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ የሚቆረጥ አለ፣ ካረንስ የሚባለው። መንግሥት በመጋቢት 2020 ያንን ለጊዜው መልሶ መክፈል ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያ ቁራጭ ገንዘብ የታመመን ሰው ወደ ሥራ እንደሚገፋ ያውቁ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ቁርጡ ተመለሰ።

ከኛ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኛ «እንዴት ነሽ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምንለው። ትኩሳት ላይ ሆነንም። ያደግንበት ነውና አልነቅፈውም። ግን ለአለቃችንም እንደዚሁ እንመልሳለን። ለሐኪሙም ጭምር። ሐኪሙ «ጭንቀት አለብሽ?» ሲል «የለም፣ ራሴን ብቻ ነው የሚያመኝ» እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ስለ ኤችአይቪ እንጂ ስለ መዛል የተነገረ አይመስለንም።

ስለ አገር ቤት የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። መጥፎ ሕግ አይደለም። ግን የሚሠራው ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ነው። ገበሬው፣ ጉልት የምትሸጠዋ፣ የቀን ሠራተኛው እዚያ ውስጥ የሉም። ሸንኮራ የሚቆርጥ የቀን ሠራተኛ ወባ ሲይዘው መዝገብ ላይ ቀሪ አይባልም። ያን ቀን አልተከፈለውም፣ በቃ።

አሁን ለነገ የሚጠቅማችሁን ልበል። በመጀመሪያው ቀን ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ «ታምሜያለሁ» በሉ። «አይመቸኝም» አትበሉ። መብታችሁ የሚቆጠረው ከተናገራችሁበት ጊዜ ነው። ካረንሱ በሳምንት ከሚደርሳችሁ የሕመም ክፍያ 20 በመቶ ነው፣ የሚቆረጠውም አንዴ ነው። ተሽሏችሁ ገብታችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ሕመሙ ከተመለሰ እንደገና አይቆረጥም። በዓመት ከአሥር ጊዜ በላይም አይቆረጥም። ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አምስተኛው ቀን ላይ ሐኪም ቤት ደውሉ፣ ሰባተኛውን አትጠብቁ። በሰዓት የምትሠሩ፣ ለሚመጣው ሳምንት የተያዘላችሁን ፈረቃ በጽሑፍ ያዙ። ፎቶ አንሱት። የታመማችሁ ቀን ማስረጃችሁ እሱ ነው። አሠሪው የመክፈል ግዴታ ከሌለበት ደግሞ ቀጥታ ካሳን መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ቋንቋው ለሚከብዳችሁ በስተርጓሚ ማነጋገር ይቻላል፣ አትፈሩ።

ከንግግሩ በኋላ ሁለት ጥያቄ ቀረበልኝ። እነሱንም ልጻፋቸው።

አንዲት እህት «ልጄ ስትታመምስ? ሁልጊዜ እኔ ታመምኩ እያልኩ ነው የምቀረው» አለች። እንደሷ የሚያደርግ ብዙ ነው። ለልጅ የተለየ ፈቃድ አለ፣ ቫብ የሚባለው። ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 120 ቀን ይደርሳል። ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነው። ካረንስ የለውም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካሳ ይከፍላል። ስለዚህ ራሷን ታማሚ እያደረገች በየጊዜው ካረንስ ስትከፍል ኖራለች ማለት ነው። ይህን ስነግራት ባሏን ዞር ብላ አየችው። ቫብ ለአባትም እንደሚሰጥ እዚያው ጨመርኩ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ እጃቸውን አነሱ። «ያቺ ወገቧን ያመማት ሴት፣ የሰሜኗ፣ ምን ሆነች?» አሉኝ።

እንገናኛለን፣ አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል አብራን ሠራች። ከዚያ ወገቧ ጨርሶ አልቻለም። የስቶክሆልም የቤት ኪራይ በሕመም ክፍያ አይቻልም፣ እና ወደ እህቷ ወደ ኦስተርሹንድ ተመለሰች። አሁን ግማሽ ቀን ትሠራለች፣ ግማሹን ቀን የሕመም ፈቃድ ላይ ናት። ሰው የሚቆጠረው በሚኖርበት ነው ብዬ አልነበር? እሷም የምትቆጠረው ዬምትላንድ ነው። ወገቧ የተጎዳው ግን እዚህ ነው፣ ስቶክሆልም።